ይዣለሁ ያልኩበት ዳገት

ሰኞ 3፣ በምሳ ሰዓት፣ መኪናው ውስጥ

ይህን ደብተር የጀመርኩት ለመሳደብ ነው። ቤት ውስጥ መሳደብ ክልክል ነው፤ ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናትና «ደንበኞቼ ይሰማሉ» ትላለች። ሥራ ቦታም ክልክል ነው፤ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ «ሰልጣኝን ማክበር ግዴታ ነው» የሚል ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጥፏል። ታዲያ ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ መኪና መንዳት ሲያስተምር የኖረ ሰው በየት በኩል ይተንፍስ? ከዕቃ ክፍል ያልተጻፈበት የሰልጣኞች መቆጣጠሪያ ደብተር አነሳሁ። ወረቀት ተሰድቦ ከሶ አያውቅም።

ዛሬ ጠዋት ሦስት ሰው ዳገት አወጣሁ። የመጀመሪያው አንድ ነጋዴ ነው፤ ሞተር አራት ጊዜ አጥፍቶ «ጋሼ፣ ይቺ መኪና አርጅታለች» ይለኛል። አንተስ? ሁለተኛዋ አስተማሪ ናት፤ ፍሪሲዮኑን እሳት እንደነካ ሰው ነው የምትለቀው። ሦስተኛዋ አንዲት የጤና ጣቢያ አዋላጅ ናት። እሷስ ነገረኛ ባትሆን ኖሮ ደህና ሹፌር ይወጣት ነበር።

ዳገቱ ከማሰልጠኛው በር ወጥቶ በስተግራ ያለው ነው። ረጅም አይደለም፤ ቀጥ ያለ ነው እንጂ። ወገቡ ላይ አቁሜ «ተነሱ» እላቸዋለሁ። ስንቱ ደረቱን ነፍቶ መጥቶ እዚያ ላይ ላብ በላብ ሆኗል! ከግርጌው ጎሚስታው አለ፤ ከኔ ጋር እኩል የጀመረ፣ ጎማ ሲለጥፍ ያረጀ ወዳጄ። «ታኮ» የሚለውን ቅጽል ስም ያወጣልኝ እሱ ነው። ታኮ መኪና ወደ ኋላ እንዳትሄድ ከጎማ ሥር የምትሻጠው ድንጋይ ናት። «አንተ የተቀመጥክባት መኪና ወደ ኋላ አትልም» ብሎ ነው እንዲህ የሰየመኝ። እውነቱን ነው። በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ አንዲት ጣት ወደ ኋላ ብላ አታውቅም።

ማክሰኞ 4፣ ጠዋት

ከመኝታ ቤት እስከ ውጭው በር በአንድ ነጠላ ጫማ ሄድኩ። ሌላኛው ኮሪደሩ ላይ ወልቆ ቀርቷል። ባለቤቴ ከስፌት መኪናዋ ሳትነሳ ሳቀችብኝ። «አንተ ሰውዬ፣ ምነው አንዱን ጥለኸው?» ከዚያ ሳቋን አቆመችና እግሬን አየችው።

እንዲህ ስታየኝ አልወድም። ነጠላ ጫማው ሰፍቶ ነው። የዛሬ ዕቃ ሳምንት ሳይሞላው ይሰፋል።

ሐሙስ 6፣ ማታ

ዛሬ ደሜ ፈልቷል።

መጀመሪያ ነገሩን ላስረዳ። ዳገት ላይ መነሳት የሁለት እግር ስምምነት ነው። ግራው ፍሪሲዮኑን ቀስ እያለ ይለቃል፤ የሞተሩ ድምፅ ሲከብድና የመኪናዋ አፍንጫ ቀና ሲል ባለበት ይቆማል። ያኔ ቀኙ ከፍሬን ተነስቶ ነዳጅ ላይ ያርፋል። ከፍሬን እስከ ነዳጅ ስንዝር አትሞላም። ሰው የሚፈራው ግን ይህችን ስንዝር ነው። ፈተና ላይ የእጅ ፍሬን መጠቀም አይፈቀድም፤ በእግር ብቻ ነው።

የኔ ዘዴ ይህ ነው። በኔ በኩልም ፍሬን አለ። ሰልጣኙ እግሩን ከማንሳቱ በፊት «ይዣለሁ፣ ልቀቅ» እለዋለሁ፤ እይዝለታለሁም። ሰውየው አይፈራም። ቀን በቀን ጫናዬን እቀንሳለሁ። አንድ ቀን «ይዣለሁ» እላለሁ እንጂ ፍሬኑን ጭራሽ አልነካውም። ሰውየው ብቻውን ይወጣል፤ ራሱም አያውቅም። ዳገቱን ጨርሰን «ዛሬ አልያዝኩልህም ነበር» ስለው የሚያደርገውን ማየት ነው የዚህ ሥራ ደስታው። ከነሱ ውስጥ ዛሬ የጭነት መኪና የሚነዱ አሉ። ስንቱን በዚህ ውሸት ሰው አድርጌዋለሁ!

ታዲያ አዋላጇ ዛሬ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? ዳገቱ ወገብ ላይ እንደቆምን ወደኔ ዞር ብላ «ጋሼ፣ እግርዎን ያንሱልኝ» አለችኝ።

«ምን አልሽ?»

«የያዙልኝንና ያልያዙልኝን ለይቼ ማወቅ እፈልጋለሁ። እኔ ሥራዬ ላይ ይዣለሁ ካልኩ ይዣለሁ ማለት ነው። የሕፃን ጭንቅላት ይዤ የምዋሽ ሰው አይደለሁም።»

ወይ ጉድ! ማን ነው ማንን የሚያስተምረው? መኪና ማስነሳትና ማዋለድ ምን ያገናኘዋል? «አንቺ መንጃ ፈቃድሽን ስትይዢ እኔን ታስተምሪኛለሽ፤ እስከዚያ መሪሽን ያዢ» አልኳት። ያዘች። ወጣች። ይዤላት ነበር፤ አልነገርኳትም እንጂ።

የሚያስቸኩላት ነገር እንዳለ አውቃለሁ። ጤና ጣቢያዋ ከዳገቱ በላይ ላሉት መንደሮች አንድ መኪና ደርሶታል፣ ሹፌር ግን የለውም። እስከ ወሩ መጨረሻ መንጃ ፈቃድ ይዛ ከቀረበች መኪናዋ የሷ ናት፤ ካልቀረበች መኪናዋ ወደ ሌላ ጣቢያ ትሄዳለች። ባለፈው ዓመት አንዲት ወላድ በቃሬዛ ስትወርድ መንገድ ላይ እጇ ላይ እንደሞተችባት አስተማሪዋ ነገረችኝ። እሷ ራሷ አልነገረችኝም። «ምጥ ሹፌር አይጠብቅም፣ ጋሼ» ነው ያለችኝ፤ ሌላ አልጨመረችም።

ዓርብ 7

ዝናብ። አዲሱን ጫማ ጣልኩት። ሶሉ ወፍራም ነው፣ ፔዳሉን አያሳውቅም። አሮጌውን፣ ስሱን አደረግኩ።

እሱም አያሳውቅም። ሁሉም አንድ ፋብሪካ ነው የሚሠራቸው መሰለኝ።

ሰኞ 10፣ ከሰዓት

ተንሸራተተች። ጎሚስታው እግሩን። ሆስፒታል ወስደውታል።

ለቀቀችው። እሷ ናት የለቀቀችው።

ሰኞ 10፣ ማታ

በሥርዓት ልጻፈው። ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ አስፋልቱ ግን እርጥብ ነው። አዋላጇን ዳገቱ ወገብ ላይ አቆምኳት። አንደኛ ማርሽ አስገባች። ፍሪሲዮኑን እንደሚገባ አነሳች፤ ሞተሩ ከበደ፣ አፍንጫዋ ቀና አለ። ቀኝ እግሯን ከፍሬን ስታነሳ መኪናዋ ወደ ኋላ ሄደች። እኔ ፍሬኔን ረገጥኩ። ባለ በሌለ ጉልበቴ ረገጥኩ። አልያዘም። እሷ ደንግጣ ፍሪሲዮኑን እስከ ወለሉ ረገጠችው፤ ያኔ መኪናዋን የሚይዛት ምንም ነገር አልቀረም። ጎሚስታው የነፋውን ጎማ እያንከባለለ ከዳሱ ወጥቷል፤ ጀርባውን ሰጥቶናል። «ዞር በል!» ብዬ ጮህኩ። የእጅ ፍሬኑን የሳብኩት እሱን ካየሁት በኋላ ነው። ለምን ቀድሜ አልሳብኩትም? እየረገጥኩ ስለነበር ነዋ! የሚረግጥ ሰው ምን ብሎ ሌላ ፍሬን ይፈልጋል?

መኪናዋ የጎማ ክምሩ ላይ አርፋ ቆመች። በክምሩና በመኪናዋ መሃል የሱ እግር ነበር።

አዋላጇ ከኔ ቀድማ ወረደች። ደሙን በሻርፗ አሰረች፣ እግሩን በሁለት ጣውላ አቀናች፣ አንድም አልጮኸችም። እኔ ቆሜ አያለሁ። «ጋሼ፣ መኪና ይጥሩ!» ስትለኝ ነው የነቃሁት። መኪና ጥሩ ትለኛለች! አጠገቤ የቆመው ምንድን ነው?

ፍሬኑ ነው። ነገ መካኒኩ ያየዋል። ፍሬኑ ካልሆነ እሷ ናት። እኔ ረግጫለሁ።

ማክሰኞ 11

መካኒኩ መኪናዋን አንስቶ አየ፣ ፈታ፣ ገጠመ። «ጋሼ፣ ፍሬኑ በሁለቱም በኩል ደህና ነው። እኔን የሚገርመኝ እርስዎ ተቀምጠው...» አላስጨረስኩትም። እሱ ገና ባትሪ ከራዲያተር ሳይለይ እኔ እዚህ ግቢ ነበርኩ።

ሥራ አስኪያጁ ቢሮው ጠራኝ። ወረቀቱን አዘጋጅቶ ጨርሶታል። «ሰልጣኟ ያለ አሰልጣኙ ትዕዛዝ ፍሬን በመልቀቋ» ይላል። «ጋሼ፣ መኪናዋ ደህና ከሆነች ጥፋቱ የሰው ነው» አለኝ። «መኪናዋ ውስጥ ደግሞ ሁለት ሰው ነው የነበረው። አንዱ ሃያ ሰባት ዓመት የሠራ ነው።» ከዚያ እስክሪብቶ ሰጠኝ።

ፈረምኩ። የእሷን ስም ከፈተና ዝርዝሩ ላይ በቀይ ሰረዘው። ለጤና ጣቢያዋም ደብዳቤ ይጽፋል።

ምን ላድርግ? ሰው ጥፋቱን ይቀበል እንጂ። እኛም ጀማሪ ሳለን ተቀጥተናል።

ረቡዕ 12

ሆስፒታል ሄድኩ። ጎሚስታው አልጋ ላይ ነው፣ እግሩ በብረት ተወጥሯል። ሁለት ቦታ ነው የተሰበረው። ቢያንስ አራት ወር ይተኛል፤ ከዚያ በኋላም ቁጢጥ ብሎ ጎማ መፍታት አይሆንለትም ብለውታል። ብርቱካን ይዤለት ሄድኩ፤ እኔው ልጬ እኔው በላሁት።

«አዋላጇ በየቀኑ ትመጣለች» አለኝ። «ፋሻውን ለነርሶቹ አትተውም።»

«ሕሊናዋ ወቅሷት ይሆናላ» አልኩ።

«ታኮ» አለኝ ኮርኒሱን እያየ፣ «መስኮታችሁ ክፍት ነበር እኮ።»

«ታዲያስ?»

«ምንም። ክፍት ነበር ማለቴ ነው።»

ምን ለማለት ነው? አንድ ሰው ለወዳጁ የሚናገረው ነገር ካለው ይናገር፤ ከሌለው ዝም ይበል። ክፍት ነበር! ቢከፈትስ? ሙቀት ነበር፤ ተከፈተ። መንገድ ሁሉ ስናደድ መጣሁ፤ ሁለት ጊዜ የራሴው መኪና ሞተር ጠፋብኝ።

ዓርብ 14

አዋላጇ ማሰልጠኛው በር ላይ ጠብቃኝ ነበር። ዣንጥላ እንኳ አልያዘችም።

«ጋሼ፣ ይዣለሁ ብለውኝ ነበር» አለች።

እስካሁን እዚህ ደብተር ላይ አልጻፍኩትም። አዎ ብያለሁ። «ይዣለሁ፣ ልቀቂ» ብያታለሁ። ሁሌም የምለውን ነው ያልኩት፤ ምን አዲስ ነገር አለው? እንዲያውም ምን አልኳት መሰለህ? (ለማን ነው «መሰለህ» የምለው? ለደብተሩ?) «ይዣለሁ ማለቴ መያዝ እንዳልሆነ ራስሽ ነሽ የነቃሽብኝ» አልኳት። ከአፌ ሲወጣ ቀፈፈኝ። ግን ወጣ።

አልጮኸችብኝም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «እሺ» አለች። «ሌላውን ይተዉት። ያን ዕለት ይዘው ነበር ወይስ አልያዙም? እሱን ብቻ ዓይኔን እያዩ ይንገሩኝ።»

አፌ ላይ የመጣው ቃል «አላውቅም» ነበር። ዋጥኩት። ሃያ ሰባት ዓመት የሠራ ሰው እግሩ የት እንደነበረ አላውቅም ይላል?

እሷ ታች አየች። «ጋሼ፣ ቦዩ ውስጥ ነው የቆሙት።»

ቀኝ እግሬ እስከ ቁርጭምጭሚቱ የጎርፍ ውሃ ውስጥ ነው። ጫማዬ ሞልቷል። «አውቃለሁ» አልኳት።

«አልቀዘቀዘዎትም?»

«አንቺ ምን አገባሽ!»

«ስኳር አለብዎት አይደል? ጫማዎን ያውልቁና ልየው። እዚሁ፣ አንድ ደቂቃ።»

ያን ጊዜ ነው የጮህኩት። መንገድ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ። ሰው ሰብራ እግር ልይ ትላለች፣ አልኩ። ሰምታ ጨረሰችና ሄደች። ሲመሽ እንኳ ቁጣዬ አልበረደም፤ የበረደኝ ሌላ ነገር ነው። ጫማዬን ሳወልቅ እግሬ ነጭ ሆኖ ተሸብሽቦ ነበር። ቅዝቃዜው የታወቀኝ በእጄ ስነካው ነው።

እሑድ 16

ከባለቤቴ ጋር ተጣላን። በመርፌ ነው የተጣላነው።

ለስፌት የምትጠቀምባት ባለ ራስ መርፌ፣ ወለል ላይ የወደቀች፣ ተረከዜ ላይ ተሰክታ ተገኘች። ካልሲዬን ለማጠብ ስታነሳ ደም አየች። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለች። እኔ ምን አውቄ! ከትናንት ይሁን ከትናንት ወዲያ። ተንበርክካ ልይ አለች፣ ነቀለቻት፣ ራሷ ብቻ እስኪቀር ድረስ ገብታ ነበር። እሷ አለቀሰች፤ እኔን ምንም አላመመኝም።

«መርፌ የምትበትኚው አንቺ ነሽ» አልኳት።

«እኔ ልሁን» አለች። «አንተ ግን ሐኪሙ ያዘዘልህን ከመሳቢያው ካወጣህ ስንት ጊዜህ ነው? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።»

ሻይ ያለ ስኳር ከጠጣሁ ስድስት ዓመቴ ነው። ከዚህ በላይ ምን ይደረግ? እንዲህ ብዬ ጮህኩባት። ደንበኛ ቢሰማም ግድ አልሰጠኝም።

በኋላ ሳህን እያጠበች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣ «ደረጃ ስትወርድ እግርህን እያየህ ነው የምትወርደው» አለች። «ከጀመርክ ዓመት አልፎሃል። እኔ የማላይ ይመስልሃል?»

ሰኞ 17

አዲስ ሰልጣኞች ተሰጡኝ። ዳገት አላወጣኋቸውም። ዝናብ ነው አልኩ።

ማክሰኞ 18

ዝናብ የለም። ዳገት አላወጣኋቸውም። ሥራ አስኪያጁ ለምን አለኝ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች! አንተ ወረቀትህን ለጥፍ።

ረቡዕ 19፣ ከሰዓት

ይህን መጻፍ አልፈልግም። ስለዚህ በፍጥነት እጽፈዋለሁ።

ሁሉም ምሳ ሲወጣ መኪናዋን ጋራዡ ውስጥ በጀርባዋ ወደ ነጩ ግድግዳ አስጠጋኋት። ከውጭ ሰማዩ ጠቁሯል፣ ውስጡ ጨለም ብሏል። በአሰልጣኙ በኩል ተቀመጥኩ። በኔ መስታወት ግድግዳው ይታየኛል፤ ፍሬን ከተረገጠ የኋላው መብራት በርቶ ግድግዳው ቀይ ይሆናል። ዓይኔን ጨፈንኩ። ረገጥኩ። እንደረገጥኩ እርግጠኛ ስሆን ዓይኔን ገለጥኩ።

ግድግዳው ነጭ ነው።

አምፖሉ ተቃጥሏል ብዬ ታች እያየሁ ረገጥኩ። ቀይ ሆነ። እግሬን እያየሁ ስረግጥ ይበራል። ዓይኔን ስጨፍን አስር ጊዜ ሞከርኩ፤ የበራው አራት ጊዜ ነው። ስድስቱን ጊዜ እግሬ ፔዳሉን ስቶ ጎኑ ካለው ወለል ላይ ነበር፤ ባለ በሌለ ጉልበቴ ወለሉን እየረገጥኩ።

ዳገት ላይ ማንም አሰልጣኝ እግሩን አያይም። የሚያየው መንገዱን ነው።

ሐሙስ 20

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የኔ እያደር ከበደ።

ማንን ልሳደብ? ዛሬ ደብተሩን ከፍቼ ፈልጌ ፈልጌ አጣሁ። የቀረሁት እኔ ነኝ። አንተ ደደብ ሽማግሌ! ስድስት ዓመት መድኃኒት መሳቢያ ውስጥ ቆልፈህ፣ በውሸት «ይዣለሁ» ሰው ስታወጣ ኖረህ፣ የእውነቱ ቀን ሲመጣ እግርህ ወለል ላይ! የወዳጅህን እግር ሰብረህ ብርቱካን ይዘህለት ሄድክ፤ እሱንም አንተው በላኸው። ደሙን ያሰረችውን ሴት ስሟን አሰረዝክ። እዚያ ዳገት ላይ አንዲት ወላድ ብትሞት የማን ናት?

መስኮቱ ክፍት ነበር። ጎሚስታው «ይዣለሁ» ስል ሰምቷል። ሰምቶ ለማንም አልተናገረም። ለኔ ብሎ ነው። እንዲህ ዓይነት ወዳጅነት ደግሞ ያናድዳል!

ሰኞ 24፣ ማታ

ጠዋት እውነቱን ጽፌ ለሥራ አስኪያጁ ሰጠሁት። አነበበው። ተነስቶ በሩን ዘጋ። «ጋሼ፣ ነገሩ አልቋል እኮ። ማን ጠየቀዎት? ይሄ ወረቀት ከዚህ ቢሮ ከወጣ እርስዎ እንደገና አያስተምሩም። እኛንም ያስዘጉናል።»

«ልጅቷስ?»

«በሚቀጥለው ዓመት ትፈተናለች። ምን ሆነች?»

ሰው ቢሮ ውስጥ ሲጮህ ሰምቼ አውቃለሁ፤ እኔ የጮህኩትን ያህል ግን አልሰማሁም። «ሰልጣኝን ማክበር ግዴታ ነው» የሚለውን ወረቀት ከግድግዳው ገንጥዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። እግረ መንገዴን መካኒኩን ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ለምን እንደሆነ አልገባውም።

ከዚያ በእግሬ፣ እያየሁ እየረገጥኩ፣ መንጃ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ድረስ ሄድኩ። ያስገባሁት ይህ ነው፤ ቅጂው እዚህ ይቀመጥ፦

«ሰልጣኟ ፍሬን የለቀቀችው እኔ ይዣለሁ፣ ልቀቂ ስላልኳት ነው። መያዝ የነበረበት እግር የኔ ነው። አልያዘም። ያልያዘውም ቀኝ እግሬ ማወቅ ካቆመ ዓመት ስላለፈው ነው። ይህንንም ደብቄያለሁ። በሰጠሁት የምስክርነት ወረቀት ላይ የተጻፈው ሐሰት ነው። ሰልጣኟ ማድረግ የሚገባትን ሁሉ አድርጋለች።»

መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ሴት ሁለት ጊዜ አነበበችው። «አባት፣ የማሰልጠን ፈቃድዎን መመለስ እንዳለብዎት ያውቃሉ?» አለችኝ። ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። ጠርዙ በላብ የተበላ ካርድ ነው፤ ፎቶው ላይ ፀጉሬ ሙሉ ጥቁር ነው።

ወደ ቤት ስመለስ ጎሚስታው ጋ ጎራ አልኩ። ነገርኩት። «ታዲያ አሁን ልስደብህ?» አለኝ። «ስደበኝ» አልኩት። ሰደበኝ። እንዲህ ያለ ስድብ እዚህ ደብተር ላይ አንድም የለም። ነርሷ ሮጣ መጣች።

ዓርብ 28

ስሟን መልሰዋል። ዛሬ ተፈተነች። ከሩቅ፣ ባዶው የጎሚስታው ዳስ ሥር ቆሜ አየሁ። ፈታኙ ዳገቱ ወገብ ላይ አቆማት። ልቤ ቆመ። ቀኝ እግሬ... ስለሱ ምን አውቃለሁ።

ሞተሩ ከበደ። አፍንጫዋ ቀና አለ። ወጣች። ወደ ኋላ አንዲት ጣት አላለችም።

ስትመለስ በአጠገቤ አለፈች። አይታኛለች። አልቆመችም። ለምን ትቆማለች? ብትቆም ነበር የምናደደው።

ሐሙስ 4፣ ማታ

ዛሬ በራችን ላይ ጡሩምባ ተነፋ። ባለቤቴ መስኮቱን ከፍታ አየችና ምንም ሳትገረም «ና፣ ጫማህን አድርግ» አለችኝ። ሁለቱ ተነጋግረው ኖሯል። ሁለቱ ተባብረው!

አዋላጇ አዲሷ የጤና ጣቢያ መኪና መሪ ላይ ተቀምጣለች። ሰላም አላለችኝም። «ይግቡ» አለች።

«የት ነው?»

«ሐኪም ጋ። ያ እግር እንዲህ ከቆየ ይቆረጣል።»

«ይቅርታ...» ብዬ ጀመርኩ፤ ሁለት ሳምንት ስለማመደው የከረምኩት ንግግር ነበረኝ።

«እሱን ጎሚስታውን ይጠይቁ» አለች። «እሱ ይቅር ካለዎት በኋላ እኔ አስብበታለሁ። አሁን ቀበቶዎን ይሰሩ።»

እንዲህ ተናግሮኝ የሚያውቅ ሰልጣኝ የለም። ደሜ ፈላ። ቀበቶዬን አሰርኩ።

ሆስፒታሉ በዳገቱ በኩል ነው። ወገቡ ላይ ስንደርስ ከፊታችን የነበረ የጭነት መኪና ቀጥ ብሎ ቆመ። እኛም ቆምን፤ ልክ ያው ቦታ። ከኋላችን አንድ አናጺ መሰላል ተሸክሞ መንገድ እያቋረጠ ነው። በመስታወት አየሁት። በሕይወቴ እንዲህ ፈርቼ አላውቅም። በኔ በኩል ፔዳል የለም፤ ተራ መኪና ናት።

«ጋሼ» አለች፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል፣ «እግርዎን ያንሱልኝ።»

«የምን እግር?»

አጎንብሼ አየሁ። ቀኝ ጉልበቴ ተወጥሮ ይንቀጠቀጣል። ከሥሩ ጫማዬ የወለሉን ምንጣፍ እስኪታጠፍ ድረስ እየረገጠ ነው። እኔ አላወቅሁም ነበር።

«ያንሱት። ይዣለሁ» አለች።

እያየሁ አነሳሁት። እሷ ይዣለሁ ካለች ይዛለች።